የመጽሐፍ ጠባቂ ዕዳ

በየገዳማቱ ዕቃ ቤት ከሚገኙት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ የሰረቃቸውንና የፋቃቸውን የሚያወግዝ ቃለ ግዝት ተጽፎባቸዋል፤ ሳይገልጥ ያኖራቸውን የሚያወግዝ ግን እኔ አላነበብሁም፤ ስለዚህ ጠብቆ ማኖር ብቻውን የጠባቂውን ዕዳ ይከፍላልን? ስንክሳሩ በየዕለቱ በምእመናን ፊት መነበቡ፣ ፊደል ያልቆጠረውም የቅዱሳንን ዜና እንዲሰማ ነውና፣ አበው ለዚህ ጥያቄ በሥራ የመለሱ ይመስለኛል።

ይህ ዕዳ የዛሬውንም ቤተ መጻሕፍት ይመለከታል፤ በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የዛሬው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ስለ አዝርዕት የሰበሰበው ዕውቀት፣ በወይን ጠጇ ስሟ በተጠራው በጉደርና በጊንጪ ማሳው በዋግ ለሚመታበት ገበሬ ካልደረሰ፣ የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ከመክሊት መቅበሪያ ጉድጓድ በምን ይለያል? እንግዲህ ቤተ መጻሕፍት በየሳምንቱ ለሀገሬው፣ በሀገሬው አንደበት በአፋን ኦሮሞም ጭምር፣ ምን እንዳለው ሊጽፍለት ይገባል፤ ተርጓሚው አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የተነሣው ከዚሁ አሳብ ነው።

የእንግዶችን ጉብኝትና የአለቆችን ንግግር ብቻ የሚያወራ ጽሑፍ ግን ውዳሴ ከንቱ ነው፤ ከዝምታም ይከፋል። ጽሑፉ ጠያቂም ይሁን፦ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በተወለደባት፣ በአምቦ አቅራቢያ በምትገኘው በቦዳ ያሉ ሽማግሌዎች ስለ ሀገራቸው የሚያውቁትን ቢልኩ፣ ወይም የተጻፈውን ቢያርሙ፣ ጠባቂው ቃላቸውን ከነስማቸው መዝግቦ ከታተሙት መጻሕፍት ጎን ያኑረው።