ሥቃይን የረሳ ሳቅ

ለመሆኑ ሥቃይ የማይሰማው ሰው የታደለ ነው ወይስ የተጎዳ? የሳቅ ጋዝ ታሪክ ይህን ጥያቄ ከነሁለት ገጽታው ያቀርበዋል።

ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ይህን ጋዝ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1772 አገኘው። በ1799 ወጣቱ ኬሚስት ሐምፍሪ ዴቪ በብሪስቶል ከተማ በራሱ ላይ ሞከረው፤ ባለቅኔውን ኮልሪጅን የመሳሰሉ ወዳጆቹንም አስሞከረ። ደስታው አስፈነደቃቸው። ዴቪ በ1800 ባሳተመው መጽሐፍ ጋዙ ሕመምን የማጥፋት ኃይል ያለው ስለሚመስል ለቀዶ ሕክምና ሊጠቅም እንደሚችል ጠቆመ። ይሁን እንጂ ከአርባ ዓመታት በላይ ጋዙ የግብዣና የትርኢት ማድመቂያ ሆኖ ሲቀር፣ በሽተኛው በቢላዋ ሥር እየጮኸ ኖረ።

ዲሴምበር 10 ቀን 1844 በአሜሪካ፣ በሃርትፎርድ ከተማ በተዘጋጀ የጋዝ ትርኢት ላይ ሳሙኤል ኩሊ የተባለ ሰው ጋዙን ስቦ ሲራወጥ እግሩ ቆሰለ። ደሙ ይፈስሳል፤ እርሱ ግን አላወቀም። ተመልካቹ ለመሳቅ የመጣ ነበር። ሆሬስ ዌልስ የተባለው የጥርስ ሐኪም ግን ቁስሉን አይቶ ጠየቀ። በማግሥቱም ጋዙን ስቦ የራሱን ጥርስ አስነቀለ።

ዛሬ ጋዙ ከኦክሲጅን ጋር ተቀላቅሎ በምጥና በጥርስ ሕክምና ጊዜ ሕመምን ያስታግሣል። በአውሮፓ የጭፈራ ሌሊቶች ደግሞ ወጣቶች ከፊኛ ይስቡታል። ደስታው ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። አዘውትሮ በሚስበው ሰው ገላ ውስጥ ግን ጋዙ ቫይታሚን ቢ12ን ከሥራ ውጪ ያደርገዋል፤ የነርቭ ሽፋን ይጎዳል፤ እግር ይደነዝዛል፤ እርምጃ ይከዳል፤ ሕክምናው ከዘገየም ጉዳቱ ላይሽር ይችላል። ኔዘርላንድስና ብሪታንያ በ2023 ጋዙን ለመዝናኛ መጠቀምን በሕግ ከልክለዋል።

ሕግ እጅን ይይዛል እንጂ ጥያቄውን አይመልስም። ጋዙ አንድ ነው፤ ሥራውም አንድ፤ ሥቃይን ማስረሳት። ልዩነቱ ያለው በጠባቂው ላይ ነው። ለቀዶ ሕክምና የተኛው ሰው ሕመሙን ቢረሳ፣ ስለ እርሱ ነቅቶ የሚያስብ ሐኪም ከራስጌው ቆሟል። በጭፈራው መካከል ግን ሳቂውም፣ ሳቂውን ሊጠብቅ የሚገባውም አብረው ሰክረዋል። ሥቃይ የገላ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛውን የሚያሰናብት ሰው በሩን ማን እንደሚጠብቅለት አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። የኩሊ እግር ሲደማ ያየ አንድ ዌልስ በአዳራሹ ነበረ። ዛሬ ለመሳቅ የተሰበሰበውስ በመካከሉ ዓይኑን የማይከድን አንድ ሰው አለውን?