ሰዓቱን ጻፉበት

በጠፈር ጨዋታ ውስጥ ካርታ የምትጋሩ ልጆቼ፣ ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ነበር። ሙቀቱ እንቅልፍ ሲነሳን እኔ በረንዳ ላይ ጋደም እላለሁ፤ እርሱ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቤ ይቀመጣል። አንድ ሌሊት ዞር ብዬ ሳይ፣ ጥቁር መደብ ላይ ክብ ክብ ነጥቦች በመስመር ተያይዘው እንደ ሐረግ ተንሰራፍተዋል። እጁን ሳያንቀሳቅስ አንድ አዲስ መስመር በቀለ። «ማን ጻፈው?» አልኩት። «ጓደኛዬ ነው አባባ፤ ብራዚል ነው ያለው። አሁን አገኘው» አለኝ። እኔ በ1959 ዓ.ም. የመሬት መለኪያ ሰንሰለት ጎታች ሆኜ ገብቼ በ1999 ዓ.ም. ሰርቬየር ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አርባ ዓመት ካርታ ስሠራ፣ ሁለት ሰዎች በሁለት አህጉር ተቀምጠው አንድ ወረቀት ላይ በአንድ ጊዜ ሲጽፉ አላየሁም። ሌሊቱን ስጠይቀው አደርኩ። ንጋት ላይ ግን የገባኝ ነገር፣ መሣሪያው ለእኔ አዲስ ይሁን እንጂ ጥፋቱም ልማቱም የማውቀው መሆኑ ነው።

የልጅ ልጄ የሚጫወተው ጨዋታ ኢቭ ኦንላይን ይባላል። አንድ የአይስላንድ ኩባንያ በ2003 እ.ኤ.አ. የከፈተው የጠፈር ዓለም ነው። በውስጡ ከ5,000 በላይ የታወቁ የኮከብ ሥርዓቶች በቋሚ በር ተያይዘዋል፤ ይህ እንደ አዲስ አበባና ደሴ አስፋልት ነው፣ ማንም ይሄድበታል፣ ካርታውም ቶሎ አያረጅም። በ2009 እ.ኤ.አ. ግን ቋሚ በር የሌላቸው 2,500 ገደማ ተጨመሩ። የእነዚህ መግቢያ ዎርምሆል የሚሉት ነው፤ እኔ ሽንቁር እለዋለሁ። አብዛኛው ሽንቁር ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይኖርና ይደፈናል፤ ከባድ መርከብ ከተመላለሰበትም ቀኑ ሳይደርስ ይዘጋል። አሳሹ ትንንሽ መፈተሻዎች በትኖ ሽንቁሩን ያገኛል፤ ያገኘውንም ትሪፕዋየር ወይም ፓዝፋይንደር በሚባል የጋራ ካርታ ላይ ያሰፍራል። ጓዶቹ ሁሉ በዚያው ቅጽበት ያዩታል። አንዱ ያሰፈረውን ሌላው ይረግጠዋል፤ ሥራው ሁሉ ይኸው ነው፣ አደጋውም ይኸው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙበት ገበያ ነው፤ ከገበያው ይልቅ ግን እኔን የሚገርመኝ መንገዱ ነበር። ከቆላ የሚመጣ አፋር ስናገኝ አባቴ ይቆማል። አፋርኛ ይሰማ ነበርና ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ ጥያቄና መልስ ይጀመራል። ዝናብ የት ጣለ? ግጦሹ እንዴት ነው? የታመመ ከብት አለ? መንገዱ ሰላም ነው? አፋሮች ይህን ዳጉ ይሉታል። በዳጉ ሕግ ያየ ሰው «አየሁ» ይላል፤ የሰማ ሰው ከማን እንደሰማ ይናገራል። ሁለቱን የደባለቀ ቃሉ ይረክሳል፤ ቃሉ የረከሰ ደግሞ በበረሃ ብቻውን ነው። ልጆቼ፣ እናንተም ሽንቁሩን ስታገኙ ሳትሻገሩ «ወደዚህ ያወጣል» ብላችሁ አትጻፉ። የልጅ ልጄ እንደነገረኝ የሽንቁሩ ኮድ ምን ዓይነት አገር እንደሚያደርስ ይጠቁማል፤ የትኛው አገር እንደሆነ ግን ተሻግሮ ያየ ብቻ ያውቃል። ግምታችሁን ግምት በሉት፤ ነውር የለበትም። ነውሩ ግምትን የዓይን ምስክር አድርጎ ማቅረብ ነው።

በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ሲያልቅ ምድር ተናወጠች። የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬ በኩል ምድሩ ተሰነጠቀ፤ እኛም ቤት ለቀን ሜዳ ላይ ማደር ጀመርን። እናቴ ምድር የምትታመን መስሏት ነበር የኖረችው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ድስቷን ስታስቀምጥ እንኳ ትጠራጠር ነበር። ሥራ ከያዝኩ በኋላ አለቃዬ የአየር ፎቶግራፍ ዘርግቶ «ይህ የተነሳበትን ቀን መጀመሪያ አንብብ» ሲለኝ የእናቴ ድስት ትዝ አለኝ። ፎቶው የሚነግረኝ ምድሪቱ እንዴት እንደሆነች አይደለም፤ በዚያን ቀን እንዴት እንደነበረች ነው። እኛ የይፋት ሰዎች ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የምንኖር ስለሆንን ይህን በጊዜ ተማርን። የእናንተ ጠፈር ግን በየቀኑ የሚናወጥ ነው፤ ትናንት የተሻገራችሁበት ዛሬ የለም፤ ካርታችሁም እንደ እንጀራ ነው፣ ሳይደርቅ የሚበላ።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ቆላው እርሻ የሚሄድ አንድ የጠጠር መንገድ እንድፈትሽ ተላክሁ። መንገዱ ከጀውሃ ወንዝ የሚገናኝበት መሻገሪያ ነበረው። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልሸፈነውም። «መኪና ያልፋል» ብዬ በመስክ ደብተሬ ላይ ጻፍኩና ሄድኩ። ቀን አልጻፍኩም፤ ወር አልጻፍኩም። ያች ቃል ከደብተር ወደ ንድፍ፣ ከንድፍ ወደ ቢሮ ግድግዳ ተዛወረች። በኅዳር የጻፍኩትን በነሐሴ አንድ ሾፌር አመነው። ደጋ ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ መጣ። ሰው በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፤ መኪናውና ሙሉ የማሽላ ጭነቱ ግን ተወሰደ። ሾፌሩ አፈላልጎ አገኘኝ። የአባቴ እኩያ ነው፤ ይሰድበኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እርሱ ግን ዝግ ብሎ፣ «ልጄ፣ ይህን ስትጽፍ ወሩ ምን ነበር?» ብቻ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጡረታዬ፣ ቀንና ሰዓት ሳልጽፍ አንዲት መስመር አስምሬ አላውቅም። የሚስቴን የገበያ ዝርዝር እንኳ ቀን እጽፍበት ስለነበር ትስቅብኝ ነበር።

ስለዚህ በጋራ ካርታችሁ ላይ ከምንም በፊት ሰዓቱን ጻፉ። ሽንቁሩ መቼ ተገኘ? ምን ያህል ዕድሜ ቀረው? ስንት ከባድ መርከብ አለፈበት? ሊደፈን ከአራት ሰዓት በታች ሲቀረው ጨዋታው ራሱ ምልክት ይሰጣል አሉ፤ ያንን ምልክት ያየ ዝም ካለ፣ ወንድሙ ወዲያ ማዶ ገብቶ መመለሻ ያጣል። የሞተውንም መስመር ሰርዙ። አዲስ መንገድ መጻፍ ለሁሉም ይጥማል፣ ስም ያስገኛልና፤ የተደፈነ መንገድ መሰረዝ ግን የማንም ዓይን የማያየው ሥራ ነው፤ እኔ ብሆን ሰውን በዚህኛው ነው የምመዝነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የልጅ ልጄ የጀመረውን ሐረግ ሳይጨርስ፣ ለጓደኞቹ ደህና ሁኑ ሳይል ቀረ። ካርታው ላይ የእርሱ መስመሮች ክፍት እንደሆኑ ቆዩ። ማንም ግን አልተጎዳም፤ መሣሪያው ሰዓቱን ጽፎ ስለነበር ጓደኞቹ የጊዜውን ርዝመት አይተው መስመሮቹን እንደ ሞቱ ቆጠሯቸው። እኔ በጀውሃ የዘነጋሁትን ማሽኑ ጻፈው ማለት ነው። ማሽን የማይጽፈውን ግን እናንተ ጻፉት።

ሌላም አለ። ከጣርማበር ዋሻ ወዲህ ያለው ገደል ደጋና ቆላን ለሁለት የሚከፍል ነው፤ አንዱን ተራራ ደገኛው በአንድ ስም፣ ቆለኛው በሌላ ስም ይጠራዋል። እኔ ከታች ወጣሁ፤ ባልደረባዬ ከላይ ወረደ። የያዝነው የ1፡50,000 ካርታ ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር አምስት መቶ ሜትር ማለት ነው። ሁለታችንም አንዲቱን ተራራ ከየፊታችን አይተን፣ የየሰፈሩን ስም ሰጥተን፣ በትጋት መዘገብናት። ጠርዝ ለጠርዝ ስናጋጥም ሁለት ተራሮች ወጡ። ቆለኞችና ደገኞች ለዘመናት የተከራከሩበትን ስም እኛ በእርሳስ ተራራ በመጨመር ልንገላግላቸው ነበር! ያዳነን ሁለታችንንም ይዞ ወደ ቦታው የወጣ ሽማግሌ መሪ ነው። በእናንተም ካርታ አንዱ ሽንቁር በወዲህ በኩል አንድ መለያ፣ በወዲያ በኩል ሌላ መለያ አለው። አንዱ የወዲያውን ሳይጽፍ ከተመለሰ፣ ሌላው ከማዶ ሲመጣ እንደ አዲስ ያሰፍረዋል፤ አንድ መንገድ ሁለት ይሆናል፤ ሐረጉም ይወሳሰባል። ሁለቱንም ጫፍ ያልጻፈ፣ መንገድ ጻፍኩ አይበል።

የሰው ነገር ሲመጣ ምክሩ ይከብዳል። አብሮኝ የሠራ አንድ ብርቱ ሰው ነበር፤ ስሙን አላነሳም፣ ነፍሱን ይማር። በእግሩ ያልደረሰበት ሸለቆ አልነበረም፤ ደብተሩን ግን ሣጥን ቆልፎ ያስቀምጥ ነበር። «የኔን ላብ ማንም አይበላውም» ይል ነበር። ድንገት ሲሞት ሣጥኑን ምስጥ በልቶት ተገኘ። በሌላ በኩል ደግሞ አባቴ በበጋ የማይደርቅ አንድ ምንጭ ያውቅ ነበር፤ ለዘመድም ለመንገደኛም ይነግራል፣ ከብት ዘራፊ ሊሆን ይችላል ብሎ በጠረጠረው ፊት ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። የቱ ነው ልኩ? ሁለቱን ያስታረቀ መልስ አግኝቻለሁ አልልም። የልጅ ልጄ እንደሚለው፣ ሰላይ የወዳጅ ስም ይዞ ቡድን ውስጥ ይገባና የጋራ ካርታውን እያየ ደጃፋቸው ላይ ያደፍጣል። ስለዚህ ቤታችሁ የት እንደሆነ የሚያሳየውን መስመር ለታመነ ብቻ ክፈቱ። ነገር ግን ጥንቃቄ ስስት እንዳይሆንባችሁ። በዚያው ጨዋታ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴራ የምትባል ብዙ ሽንቁር የሚከፈትባት አገር አለች፤ ኢቭ ስካውት የተባሉ አሳሾች የእርሷን መንገዶች በየቀኑ ፈትሸው ለወዳጅም ለጠላትም በነፃ ያወጣሉ። ስማቸው ያልጎደፈው የሚደብቁት ስለሌለ ይመስለኛል።

እነዚሁ ሰዎች ሌላም ሥራ አላቸው። ሽንቁሩ ከኋላው ተደፍኖበት መፈተሻውንም ያጣ ተጫዋች፣ ያለ ካርታ በባዕድ ሰማይ ይቀራል። ይህን አስበው ቋሚ በር በሌላቸው የኮከብ ሥርዓቶች ትንሽ ዕቃ ማስቀመጫ ይተዋሉ፤ በውስጧ መፈተሻና መወንጨፊያው አለ፤ የጠፋው ጠይቆ፣ አንስቶ መውጫውን ይፈልጋል። ይህን ስሰማ ዓይኔ ፈዘዘ። እኛ ሰፈር አንዲት የሙስሊም ጎረቤታችን፣ ቆላ ለሚወርድ መንገደኛ ዛፍ ሥር እንስራ ውሃ ታስቀምጥ ነበር፤ ማን እንደጠጣው አታውቅም፣ አትጠይቅምም። ሰንሰለት ስጎትት ውዬ ከዚያ እንስራ የጠጣሁት ቀን ቁጥር የለውም። ካርታ መጋራት ከዚህ ይጀምራል ልጆቼ፤ የማታውቁት ሰው እንደሚጠማ ከማወቅ።

ጨዋታ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ጨዋታ ብቻ አድርጋችሁም አታስቀሩት። እኔ በሠራሁበት ዘመን ካርታ ሠሪና ሰማይ ተመልካች አይተዋወቁም ነበር፤ ዛሬ አገራችን ሁለቱን በአንድ ቤት አድርጋ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ብላዋለች፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.ም የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች። ሳተላይት ግን የጀውሃን መሻገሪያ ጥልቀት በጉልበቷ ገብታ አትለካም። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም የሚጽፍበት የጋራ ካርታ አለ፤ የልጅ ልጄ አሳይቶኛል። የይፋትን ቆላ ከፈትን፤ አስፋልቱ አለ፣ ከአስፋልቱ ወደ ታች ግን እኔ በእግሬ የማውቀው ብዙ መንገድ የለበትም። ለጠፈሩ ሽንቁር ሌሊት የምታድሩ ልጆች፣ ለዚህም አንድ ቀን ስጡት። ለእረፍት ስትወርዱ እኔ ጋ እለፉ፤ ሸምበቆዬን ይዤ አብሬያችሁ እወርዳለሁ፣ ስሙንም ከሁለቱም ወገን እንጠይቃለን።

እስከዚያው የመጀመሪያውን እኔ ላስጽፋችሁ፤ ከላይ የዛሬን ቀንና ወር ጻፉ። የሮቢ ወንዝ፣ ከእኛ ሰፈር በታች ያለው የእግር መሻገሪያ፤ ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ራሴ ወርጄ አየሁት፤ ውሃው ከጉልበት በታች ነው።