እንግዳን ስለ ማክበርና በሽተኛን ስለ መጠበቅ

እንግዳን መቀበል በአገራችን ከትልልቆቹ ምግባሮች አንዱ ነው። በእኛ በወሎ ደጋ፥ በአቀስታም ሆነ በመካነ ሰላም፥ መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ» ብሎ በደጅ የቆመውን ሰው እስላም ነህ ወይስ ክርስቲያን ብሎ ሳይጠይቅ የሚያስገባ ብዙ ቤት አለ። ባለቤቱ መደቡን ይለቅለታል፤ ለልጆቹ ያሰበውንም እንጀራ ያቀርብለታል። ይህ ምግባር የሚመሰገነው ግን ሰጪው የሚሰጠው የራሱን ስለ ሆነ ነው። የጎረቤቱን በግ አርዶ እንግዳውን ያበላ ሰው ሌባ ይባላል እንጂ ቸር አይባልም።

ይህን ማንሣቴ በዘመናችን ስለ በዛው አንድ ዐይነት እንግድነት ለመናገር ነው። ከአውሮጳ፥ ከአሜሪካና ከካናዳ ገና ሕክምና በመማር ላይ ያሉ ወጣቶች ለጥቂት ሳምንታት ልምድ ሊያገኙ ወደ ሆስፒታሎቻችን ይመጣሉ። ብዙዎቹ የሚመጡት በቅን ልብ ነው፤ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁትን ደዌ በዐይናቸው ያያሉ። አስተናጋጁ ሐኪምም ጊዜውን፥ ዕውቀቱንና ማዕዱን ቢያካፍላቸው መልካም ያደርጋል። ነገር ግን የበሽተኛው ገላ የአስተናጋጁ ገንዘብ ነውን?

ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧትን አንዲት እናት አስቡ። ዐይኗን ስትገልጥ ስድስት ወጣቶች አልጋዋን ከበዋታል፤ ሐኪሙ ማን፥ ተማሪው ማን እንደ ሆነ አታውቅም። ለተጠየቀችው ሁሉ «እሺ ጌታዬ» ትላለች፤ እንቢ ብትል ሳትታከም የምትመለስ ይመስላታልና። በፍርሃት የተነገረ እሺታ ፈቃድ ሊባል አይገባም። ያ እንግዳ በአገሩ መምህሩ በአጠገቡ ሳይቆም ቁስል እንዲሰፋ አይፈቀድለትም ይሆናል፤ እዚህ ግን ሠራተኛ ስላነሰና የእንግዳ ክብር ስለበዛ መርፌው በእጁ ይሰጠዋል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እየተባለ የሚነቀፈው ሥራ ይህ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። እንግዳው ቋንቋችንን ስለማያውቅ ነርሷ የራሷን በሽተኞች ትታ ታስተረጉምለታለች፤ በሽተኛዋ «ልቤን ያመኛል» ስትል ጨጓራዋን ማለቷ ሊሆን ይችላልና። ነገ በዚህ አገር ብዙ ዘመን የሚያገለግለው የእኛው ተማሪም ስፍራውን ለእንግዳው ለቆ ከኋላ ይቆማል።

አንዳንዶች «መድኃኒትና መሣሪያ ያመጡልናልና ብናስቀይማቸው ይቀርብናል» ይላሉ። ነገር ግን የስጦታው ዋጋ የድኻ ገላ ከሆነ ገበያ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። ሌሎችም «የእኛ ተማሪዎችስ በበሽተኛ ላይ አይደለምን የሚማሩት?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ዐውቆ የተወለደ ሐኪም የለም። ስለዚህ ሕጉ ለባዕዱም ለአገር ልጁም አንድ ይሁን፤ ተማሪ መሆኑን ይናገር፥ በሽተኛውን ያስፈቅድ፥ መምህሩ ከአጠገቡ አይራቅ፥ በአገሩ ያልተፈቀደለትንም በሰው አገር አይድፈር።

እጅ ዐይንን ተከትሎ ቀስ በቀስ እንዲማር የሚያስረዳን የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምጥ ብዛት በሚመጣው በፊስቱላ ተጎድታ፥ ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ሳለች፥ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራልያ ወደ መጡት ወደ ዶክተር ሬጂናልድና ወደ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ደረሰች። ከዳነች በኋላ በመጀመሪያ አልጋ ማንጠፍን፥ ቀጥሎም በቀዶ ሕክምና ክፍል መርዳትን፥ በመጨረሻም በመምህሮቿ ዐይን ሥር መቅደድንና መስፋትን ተማረች። በአዲስ አበባው የፊስቱላ ሆስፒታልም ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሐኪሞች ከእርሷ እጅ ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳይ ሸለማት። እንግዲህ አስተናጋጅ ሁልጊዜ ተቀባይ አይደለም፤ መምህርም ነው።

የመልካም እንግድነትም ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ2003 በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከቶሮንቶ ሁለት መምህራንና አንድ በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም እየሆኑ ለአንድ ወር ያህል ይመጡ ነበር። ሰልጣኙ የመጣው ከመምህራኑ ጋር ነው፤ ትምህርቱም የአገሩን ሐኪሞች የሚያበዛ ሆነ።

ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ሐኪም ሆኖ ለትምህርት ባሕር ማዶ የሚሄድ ይኖራል። በዚያ ብዙ ጊዜ ቆማችሁ እንድታዩ እንጂ በሽተኛ እንድትነኩ አይፈቀድላችሁም። ይህን እንደ ንቀት አትቁጠሩት፤ በሽተኞቻቸውን መጠበቃቸው ነው። ወደ አገራችሁ ስትመለሱ ግን፥ በቃሬዛ የመጣችውን እናት እንደዚያው ጠብቋት። ለእንግዳችሁ መደባችሁን ልቀቁለት፥ እንጀራችሁን ቁረሱለት፥ የምታውቁትን አስተምሩት፤ የእናንተ ያልሆነውን ግን አትስጡት።