«ይብቃህ» የሚለው ማን ነው?

ዕድሜው የገፋ ተወዳዳሪ መቼ ያቁም? ጥያቄው የሚነሳው ሰዓቱ ሲዘገይና ደረጃው ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ በአንድ አፍ «አሁንስ ይብቃው» ይላል፤ ወዳጆቹም «ስምህን ይዘህ ውጣ» ብለው ይመክሩታል። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ እንደሆነ አልጠራጠርም። ፍትሐዊ መሆኑን ግን መመርመር ያስፈልጋል።

እኔ የምኖረው በፒስጋት ዘኤቭ፣ በኢየሩሳሌም ሰሜን ምሥራቅ ነው። በዚህች ከተማ ከ2011 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ዓለም አቀፍ ማራቶን ይካሄዳል። ኢየሩሳሌም ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች መንገዱ ሯጩን አብዝቶ ይፈትናል። ከፊት ያሉት ለሽልማት ይፋለማሉ። እነሱ ካለፉ ከረጅም ጊዜ በኋላ ጉልበታቸውን በፋሻ የጠቀለሉ ሽበታሞች ዳገቱን እየተራመዱ፣ ቁልቁለቱን እያዘገሙ ይመጣሉ። ተመልካቹ ያጨበጭብላቸዋል፤ ውኃ ያቀብላቸዋል። «ለምን አታቆሙም?» የሚላቸው አንድም ሰው የለም። ከመካከላቸው አንዱ የቀድሞ ሻምፒዮን ቢሆን ግን ያው አካሄድ ያሳዝነን ነበር። እንግዲያው ያስከፋን መዘግየቱ አይደለም፤ በልባችን የሳልነው የጀግና ምስል መነካቱ ነው። ያንን ምስል የሳልነው እኛ ነን፤ ሩጫው ግን የሯጩ ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በኖቬምበር 2010 በኒው ዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት አቋርጦ ወጣ። በዚያው ቀን ሩጫ ማቆሙን ለጋዜጠኞች ተናገረ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም ሐሳቡን ቀየረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በሕመምና በብስጭት መካከል የተቆረጠ ውሳኔ አልጸናም። በእርግጥ የተሰናበተው በሜይ 2015፣ በ42 ዓመቱ፣ በማንቸስተር የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር 16ኛ ከወጣ በኋላ ነው። በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲጨርስ ከ2:04 በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ነበር። የማንቸስተሩ 16ኛ ደረጃ ከዚያ ሰዓት ላይ አንዲት ሰከንድ አልቀነሰም። የመኪና እሽቅድምድሙ ጀግና ሚካኤል ሹማከርም በ2010 ወደ ፎርሙላ ዋን ሲመለስ ስሙን ሊያጎድፍ ነው ተባለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሦስተኛ ደረጃ በላይ አላገኘም። ሰባቱ የዓለም ሻምፒዮንነቱ ግን ዛሬም ሰባት ነው። ያለፈ ድል በኋለኛ ሽንፈት አይሻርም።

አርስቶትል የሰውን ተግባር በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ፍጻሜው ከራሱ ውጭ ነው፤ ቤት መሥራት ቤቱ ሲያልቅ ያበቃል። ሌላው ፍጻሜው በውስጡ ነው፤ ማየትና ማሰብ በተደረጉበት ቅጽበት ምሉዕ ናቸው። ውድድር ሁለቱንም ይዟል። ማሸነፍ ከመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ቀን አለው፣ ያልፋል። በማለዳ ተነስቶ ልምምድ መሥራት፣ ትንፋሽን ከእርምጃ ጋር ማስማማት፣ አቅምን እስከ ጫፉ መፈተሽ ግን ከሁለተኛው ዓይነት ነው። «ካላሸነፍክ ምን ትሠራለህ?» የምንለው ሰው ምናልባት ሁለተኛውን ፍለጋ ነው የቀረው።

ለዚህ ከወገኖቻችን መካከል ጥሩ ምስክር አለ። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጣው አየለ ሰጠኝ የተወለደበት ዓመት በመዝገብ 1955 ነው። በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ ለእስራኤል ማራቶን ሮጦ 20ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በቤጂንግ፣ በአትሌቲክስ ከተሳተፉት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ሆኖ፣ 69ኛ ገባ። ማሞ ወልዴም በ1968 በሜክሲኮ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ1972 በሙኒክ የነሐስ ሜዳሊያ ሲያገኝ 40 ሞልቶታል። «ይብቃው» የሚለውን ድምፅ ሰምተው ቢቀመጡ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ግን ለመኪና እሽቅድምድም እንዳለ አይሠራም። ሯጭ አቅሙን ቢሳሳት የሚጎዳው በአብዛኛው የራሱ ጉልበት ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ስህተት ግን ከእሱ አልፎ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። በ1955 በለ ማን ውድድር አንድ መኪና ወደ ሕዝቡ ተወርውሮ ከ80 በላይ ተመልካቾች አልቀዋል። አደጋው ከማንም እርጅና ጋር የተያያዘ አልነበረም፤ መሪ መጨበጥ ምን ያህል ከባድ ኃላፊነት እንደሆነ ግን ያሳያል። አርጀንቲናዊው ሁዋን ማኑዌል ፋንጂዮ በዚያ ውድድር ላይ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በኑርቡርግሪንግ፣ በ46 ዓመቱ፣ ከኋላ ተነስቶ ሁለቱን ወጣት የፌራሪ አሽከርካሪዎች ቀድሞ አምስተኛ የዓለም ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ። በ1958 በሬምስ ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ፤ ሉዊጂ ሙሶ በዚያው ውድድር ሞተ። ፋንጂዮ ከዚያ በኋላ አቆመ። ገና መንዳት እየቻለ ማቆሙን እንደ ጥበብ እቆጥረዋለሁ።

የመጀመሪያው ገደብ የሌላ ሰው ሕይወት ከሆነ፣ ሁለተኛው የሌላ ሰው ቦታ ነው። በኦሊምፒክ ማራቶን አንድ አገር ከሦስት ሯጭ በላይ አያሰልፍም። ስለዚህ በስም ብቻ የሚሰለፍ አንጋፋ የወጣቱን ዕድል ይወስዳል። ቀነኒሳ በቀለ በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ 39ኛ መውጣቱ ይህን ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ኤፕሪል፣ በ41 ዓመቱ፣ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቷል። ያን ሰዓት የሮጠ ሰው ቦታ ለመነ አይባልም። መለኪያው ሰዓት ይሁን፤ ስምም ዕድሜም አይሁን።

ሲሴሮ ስለ እርጅና ሲጽፍ የጥንቱን የትግል ስፖርተኛ የሚሎን ታሪክ ያነሳል። ሚሎ በስተርጅናው ወጣቶች ሲለማመዱ እያየ፣ የዛለ ክንዱን ተመልክቶ አለቀሰ። ሲሴሮ ይገስጸዋል፤ ክብርህ ሁሉ ከጡንቻህ ነበር እንዴ በሚል መንፈስ። እኔ ከሚሎ ጋር አለቅሳለሁ፤ የወደደውን ሥራ ማጣት ያስለቅሳል። ሲሴሮ ግን አንድ እውነት ይዟል፤ ሰው ከአንድ ችሎታው ይበልጣል።

ይህን የሠፈሬ አባቶች በሕይወታቸው ያውቁታል። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሲመጡ ብዙዎቹ ጎንደር ላይ ገበሬ ነበሩ። እርሻ የጡረታ ቀን የለውም። ጉልበት ሲደክም ሞፈሩ ለልጅ ይተላለፋል፤ አባት ግን ዘር ይመርጣል፣ ዝናቡን ይተነብያል፣ የድንበር ጠብ ያስታርቃል። ዛሬ ጭራቸውን ይዘው ከባቡር ፌርማታው አጠገብ ፀሐይ ይሞቃሉ። ያጎበጣቸው ማቆማቸው ብቻ አይደለም፤ ከማረሻው ወደ ምክሩ የሚያሻግረው ድልድይ መሰበሩም ነው።

ተወዳዳሪም ይህ ድልድይ ያስፈልገዋል። በጁን 2013 የፎርሙላ ዋን መኪኖች በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ ቅጥር አጠገብ ለትርኢት ሲነዱ፣ ከአሽከርካሪዎቹ አንዱ ጃንካርሎ ፊዚኬላ ነበር። በ2009 ፎርሙላ ዋንን ትቶ ወደ ረጅም ሰዓት ውድድር ዞረ፤ እዚያ ከአንድ በላይ ሰዎች አንድ መኪና እየተፈራረቁ ይነዳሉ። በ2012 እና በ2014 በለ ማን በምድቡ አሸነፈ። በመቆየትና በመሄድ መካከል ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየናል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። የተወዳዳሪው መቆየት የሌላውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ በፍቅር ሳይሆን በሕግ ይቁም። ለሌላ የሚገባውን ቦታ በስሙ ይዞ ከሆነም ይልቀቅ። ከሁለቱ አንዱም ከሌለ ግን የማቆሚያውን ቀን መምረጥ የእሱ ብቻ መብት ነው። አንባቢ ሆይ፣ የወደድከው ጀግና ወደ ኋላ ቀርቶ ስታየው «ይብቃህ» ከማለትህ በፊት ለማን ብለህ እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። ለእሱ ካልሆነ አጨብጭብለት።