የዓመት ቅጣት በቅድሚያ

በአዲስ አበባ አንድ ሰፈር ውስጥ ከብዙዎቹ ቤቶች በዕድሜ የሚበልጥ እድር ነበር። ንብረቱ አንድ ከባድ የሸራ ድንኳን፣ የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች፣ ሰታቴዎች፣ ብረት ድስቶችና አንድ ሣጥን ሙሉ ሳህን ነው። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊው ገና ሳይነጋ ሰፈሩን እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ወንዶቹ ድንኳን ሊተክሉ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ሊቀቅሉ ይወጣሉ። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራል፤ «አቤት» ያላለ ይቀጣል። ቅጣቱ ትንሽ ገንዘብ ቢሆንም ሰው ይፈራው ነበር፤ የቀሪ ስም በወሩ ስብሰባ ሁሉም ፊት ይነበባልና።

ወደዚህ ሰፈር አንድ ነጋዴ እናቱን ይዞ ገባ። ደግ ሰው ነው፤ ለምኖት ባዶ እጁን የተመለሰ የለም። ሱቁ መርካቶ ስለሆነ ግን ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ የሚገባው ከመሸ ነው። አንድ ቀብር ቀረ፣ ተቀጣ። ሌላም ቀረ፣ ተቀጣ። ስሙ በሰው ፊት መነበቡ ከነከነው። በአንዱ የወር ስብሰባ ብድግ ብሎ፣ «ወገኖቼ፣ የእኔ ሥራ ለለቅሶ አያደርሰኝም። እድሩ በእኔ እንዳይጎዳ የዓመቱን ቅጣት ዛሬውኑ ልክፈል፤ በላዩም እጨምራለሁ። ስሜ ብቻ አይነበብ» አለና ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ተጨበጨበ። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ቆረጠ። ሰታቴ ሲያማስሉ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንዲት እናት ግን ከኋላ ወንበር ሆነው፣ «ልጄ፣ ገና ላልሞተው ሰው ከአሁኑ ቀረሁ ትላለህ?» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ስብሰባውም ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

በሚቀጥለው ወር የመንግሥት ሠራተኛው በቅድሚያ ከፈለ። ታክሲ የሚነዳው ተከተለው፤ የባንክ ሠራተኛዋም እንዲሁ። ዓመቱ ሲያልቅ የእድሩ ካዝና ሞላ። የብረት ምሰሶ ያለው ድንኳን ተገዛ፤ ሦስት የቀን ሠራተኞች በግማሽ ሰዓት ያቆሙታል። ፕላስቲክ ወንበር መጣ፣ ወጥ ሠሪ ተቀጠረች፣ ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ገንዘብ እጥፍ ሆነ። አጎራባች እድሮች ልምድ ሊቀስሙ መጡ። በሒሳብ ሲታይ እድሩ እንደዚያ ጊዜ አምሮበት አያውቅም።

በመዝገቡ ያልተጻፈው ነገር ሌላ ነበር። የድሮው ሸራ በአሥር ሰው እንጂ በሦስት አይነሣም። ሁለት ዓመት በአጥር ነገር የተኳረፉ ጎረቤታሞች የአንዱን ገመድ ሁለት ጫፍ ይዘው ይገኛሉ፤ «ሳብ!» ሲባል አብረው ይስባሉ፤ ከተላቀቁ በኋላ መልሶ መኳረፍ ይከብዳቸዋል። ጎረምሳው ካስማ የት እንደሚመታ፣ ክረምት ከሆነ የውኃው ቦይ በየት በኩል እንደሚቆፈር ከሽማግሌ ይማራል። ሴቶቹ ባቄላና ስንዴ ሲለቅሙ የማን ልጅ ከዓረብ አገር እንደተመለሰች፣ ማን እንደወለደች፣ የማን ቤት ከሰል ሳይያያዝ እንደሰነበተ ይነጋገራሉ። በዚያው ምሽት አንዷ እንጀራ በሞሶብ ሸፍና ወደዚያ ቤት ትሄዳለች። ይህን ሥራ የሚሠራ ኮሚቴ አልነበረም። ድንኳኑና ሰታቴው ነበሩ የሚሠሩት።

በአንድ ክረምት የአንዲት መበለት የጭቃ ቤት ግድግዳው ተናደ። ድሮ ቢሆን እሑድ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ተረግጦ፣ ጭድ ተቀላቅሎ፣ ማታ ግድግዳው ይቆም ነበር። አሁን ማመልከቻ ጻፈች። ኮሚቴው ደንቡን ገልጦ አየ፤ ለግድግዳ የተያዘ በጀት የለም። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ሳለ ሴትዮዋ በላስቲክ ክረምቱን ገፋች።

ከዚያ የነጋዴው እናት ሞቱ።

ሲነጋ ድንኳኑ ቆሟል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ወጥ ሠሪዋ እሳት ላይ ነች። ገንዘብ ያዡ ፖስታውን በሰዓቱ አመጣ። አንድ የጎደለ ነገር የለም። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም መጥራት ጀመረ። ምላሽ ሲያጣ ከስሙ ትይዩ ያለውን ያነባል፦ «ከፍሏል። ከፍሏል። ከፍላለች።» ነጋዴው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሰማ። አስከሬኑን የሚሸከም ሰው ስላልሞላ ድንኳኑን ያቆሙት የቀን ሠራተኞች ትከሻቸውን ሰጡ፤ የማን እናት እንደሆኑ አያውቁም ነበር።

ከቀብር ሲመለስ ግን ድንኳኑ ውስጥ ሴቶች ተቀምጠው አገኘ። ብዙ አይደሉም፤ ሁሉም ግን ከልብ ያለቅሳሉ። ገረመው። እኒያ ከኋላ ወንበር የተናገሩት እናት አጠገባቸው አስቀመጡትና፣ «እናትህ ጥሩንባ በሰሙ ቁጥር አንተ ሱቅ ሄደህ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጡ ነበር» አሉት። «ዓይናቸው ደክሞ እንኳ ባቄላውን በእጃቸው እየዳሰሱ ይለቅማሉ። ‹ልጄ አይመቸውም፤ የእሱን ፈንታ እኔ ልውጣ› ይሉን ነበር። ለእኛ የቀረህበት ቀን የለም።»

ነጋዴው እናቱ ከቤት ወጥተው እንደሚያውቁ እንኳ አልሰማም ነበር።

በወሩ ስብሰባ ሲነሣ ሰው ሁሉ ትልቅ ስጦታ ጠበቀ። እሱ ግን፣ «በገንዘብ የሚከፈል ቅጣት ከደንቡ ይውጣልኝ» አለ። «የቀረ ሰው በሚቀጥለው ለቅሶ ሌሊት መጥቶ ሰታቴ ይጠብ። በምትኩ ሌላ ሰው አይላክ፤ ገንዘብም አይቀበሉት።» ክርክሩ ረዘመ። ታክሲ ነጂው ሥራዬ አይፈቅድም አለ፤ ሌሊት ግን ታክሲ አይሠራም ተባለ። የታመመና የደከመ ሽማግሌ ከቅጣት ነጻ ይሁን ተባለ። በመጨረሻ እጅ ወጥቶ ጸደቀ። በአዲሱ ደንብ መጀመሪያ የተቀጣው ራሱ ነጋዴው ነው፤ ዕቃ ሊያመጣ ክፍለ ሀገር ሄዶ አንድ ቀብር አመለጠው። በተከታዩ ለቅሶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እጅጌውን ሰብስቦ በአመድና በጭድ የሰታቴ ጥላሸት ሲፈትግ፣ እኒያ እናት አጎንብሰው አዩና፣ «ቂጡ አልጠራም፣ ድገመው» አሉት። ደገመው።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ነጋዴውም መበለቷም በምናብ የተፈጠሩ ናቸው፤ በቅድሚያ የሚከፈለው ቅጣት ግን በየሰፈራችን አለ። እድር በአዲስ አበባ ሥር ከሰደደ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከየአገሩ መጥተው አንድ ሰፈር የከተሙ፣ ዘመድ በቅርብ የሌላቸው ሰዎች ቀባሪ እንዳያጡ ያቋቋሙት ነገር ነው። ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚክድ ሐዘን ያልደረሰበት ሰው ብቻ ነው። የቀሪ ቅጣት ግን የተደነገገው ካዝና ለመሙላት አልነበረም። ሰውዬውን ከቤቱ ለማውጣት ነበር። ቅጣቱን እንደ ዋጋ ቆጥረን ከፍለን ስንቀር የእድሩን አካውንት እናሳድጋለን፤ እድሩን ግን እንገዘግዘዋለን።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበው ሰፈሮቻችን ስለተበታተኑ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ሰው ከመንደር ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ ነባር መንደሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። የድሮ እድሩን ላለመተው ከሩቅ ሰፈር በሁለት ታክሲ እየተመላለሰ ቀብር የሚደርስ ሰው አለ፤ ለእሱ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። አዲሱ ብሎክ ላይ ግን ከበላዩ ማን እንደሚኖር አያውቅም። በየኮንዶሚኒየሙ ለድግስና ለለቅሶ ተብሎ የተሠራው ኮሚናል ብዙ ቦታ ተቆልፎ ወይም ተከራይቶ ይታያል። ቤቱ አለ፤ በሩን በጋራ የሚከፍት ሰው ነው የጠፋው።

ይህን በር የሚከፍት ወጣት የለም ብሎ ተስፋ ቢስ ሆኖ የሚያወራ ሰው በጥር ወር ወደ ጃንሜዳ የሚወስዱትን መንገዶች ይይ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዓሉን በየመንገዱ የሚሸከሙት ግን ከየሰፈሩ ያዋጡ ልጆች ናቸው። በዋዜማው አስፋልቱን ይጠርጋሉ፣ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ታቦት ሲወጣ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ምንጣፉ መንገዱን ሁሉ ስለማይሸፍን ታቦቱ ያለፈበትን ከኋላ እየጠቀለሉ፣ በትከሻቸው ተሸክመው ወደፊት እየሮጡ እንደገና ይዘረጉታል። መዋጮው የገዛው አጭር ምንጣፍ ነው። ቀሪውን ኪሎ ሜትር የሸፈነው ሩጫቸው ነው። እነዚህን ልጆች ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ለአንዲት መበለት ግድግዳ የሚጠራቸው ሰው ቢኖር የሚቀሩ አይመስለኝም። የሚጠራቸው አጥተዋል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ የእድርዎ የወር ስብሰባ ሲደርስ ይሂዱ። የቀሪ ቅጣት ምን እንደሆነ ደንቡን ያስነብቡ። ገንዘብ ከሆነ በሥራ እንዲለወጥ ሐሳብ ያቅርቡ፤ የታመመውንና አቅመ ደካማውን አስቀርተው ለሌላው ሁሉ ሰታቴ ማጠብ፣ ወንበር መሸከም፣ የጎረቤት ግድግዳ መምረግ ይሁን። በብሎክዎ እድር ከሌለ ደግሞ የኮሚናሉ ቁልፍ ማን እጅ እንዳለ በዚህ ሳምንት ይጠይቁ።