የቤቱን ሰው የሚያውቅ ሐኪም

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ አንድን አባወራ «የነፍስ አባትዎ ማን ናቸው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ስም ይነገረዋል፤ የሚቀድሱበት ደብር፣ ከእሳቸው በፊት የአባወራውን አባት ያናዘዙት ካህን ጭምር። «ሐኪምዎስ?» ቢባል ግን መልሱ የቦታ ስም ነው፦ ጤና ኬላው፣ ጤና ጣቢያው፣ ከባሰም ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል። ነፍስ ለሰው ተሰጥታለች፤ ሥጋ ለሕንፃ።

ከዚህ ልዩነት ሥር አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። ሰውን ለማከም በሽታውን ማወቅ ይበቃል? ወይስ ሰውየውንም ማወቅ ግድ ነው? በሽታውን ማወቅ ብቻ ከበቃ፣ ወባ ወባ ነውና የሠለጠነ ሰው እስከሆነ ድረስ ማንም ቢያክመው ለውጥ የለውም። ሰውየውን ማወቅም የሕክምናው ክፍል ከሆነ ግን ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው የሚያየው ሕመምተኛ፣ መድኃኒቱ ቢሟላለት እንኳ፣ ያገኘው ግማሽ ሕክምና ነው።

የነፍስ አባት በጎጃም ገጠር የአንድ ሰው ሳይሆን የቤት አባት ነው። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ፣ ልጅ ሲዳር፣ ቤት ጠበል ሲረጭ፣ ባልና ሚስት ተኳርፈው ሲታረቁ፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሲናዘዝ፣ በመጨረሻም ፍትሐት ሲደርስ የሚጠራው ያው አንድ ካህን ነው። ቀኖና ሲሰጥም ለሁሉ እኩል አይደለም። ለነፍሰ ጡር የሚያዘው ለጎልማሳ ከሚያዘው ይለያል፤ ጉልበት የከዳውን ሽማግሌ ስገድ ከማለት ጸሎት ያበዛለታል፤ እጅ ያጠረውን መጽውት ብሎ አያስጨንቀውም። ጥፋቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም ሸክሙን የሚሸከመው ሰው አንድ አይደለምና። ቤተ ክርስቲያን ንስሐን መድኃኒት፣ ካህኑን የነፍስ ሐኪም እያለች ያስተማረችው ለዚህ ነው። እርግጥ ነው፣ ብዙ የንስሐ ልጆች ይዞ አንዱንም በቅጡ የማያውቅ ካህን አለ። ሥርዓቱ ራሱ ግን ማወቅን ከማዳን አይለይም፤ ይህንንም የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

የመንግሥት የጤና አደረጃጀትም ቢሆን ቤተሰብን አልረሳም። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች መድቦ ቤት ለቤት እንዲዞሩ አደረገ። አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ያህል ሰው፣ አምስት ጤና ኬላዎችን የሚደግፈው ጤና ጣቢያ ደግሞ ለ25,000 ያህል ሰው እንዲሆን ታስቦ ተዘረጋ። በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ፎልደር ይቀመጣል፤ የመጸዳጃ ቤቱ፣ የአጎበሩ፣ የክትባቱ፣ የእርግዝናው ነገር በዚያ ይመዘገባል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሲሞከርም (ያኔ በምዕራብ ጎጃም ሥር የነበረው ደቡብ አቸፈር አንዱ ነው) አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ሆነ።

እንግዲህ ቤተሰቡን የሚያውቅ ወረቀት አለ። የጎደለው ወረቀቱን ያነበበ፣ በሚመጣው ዓመትም እዚያው የሚገኝ ባለሙያ ነው። ሕመምተኛው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ካርድ ያወጣል፣ ወረፋ ይይዛል፣ የዕለቱ ተረኛ ጤና መኮንን ወይም ነርስ ዘንድ ይገባል። ከከበደም በጥቂት መስመር የተጻፈ ሪፈር ይዞ ሆስፒታል ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ከሀ ይጀምራል። ያ የጤና ኬላው ፎልደር ከመደርደሪያው አይነሣም።

ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው በአካባቢው ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ነው። በሽታው ከእሳተ ገሞራ ዓለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን ይይዛል፤ ደጋና ወይና ደጋው ጎጃም አፈሩም ዝናቡም የሚመቸው ነው። ምንጩ ትንኝ ሳይሆን አፈር መሆኑን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ አሳየ። ነገር ግን በአንድ አፈር ላይ ከሚሄዱት ሁሉ የሚታመመው ጥቂቱ ነው። ለምን? ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ አረጋገጠ። የገጠሩ ሰው በሽታው በቤተሰብ እንደሚሄድ ከጥንትም ያውቃል፤ ዕውቀቱን የተጠቀመበት ግን ለመከላከል ሳይሆን ለመከልከል ነው። ዝሆኔ ያለበት ቤት ልጅ አይሰጥም፣ ልጅም አይወሰድም።

በሽታውን ብቻ የሚያውቅ ባለሙያ የመጣችለትን እናት እግር አይቶ ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ ያዛል። ትክክል ነው። በምሥራቅ ጎጃም ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ ቆዳን በየቀኑ ማጠብ፣ ማለስለስና መጫማት ሕመምተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለውን የትኩሳትና የቁስለት ጊዜ ያሳንሳል። ቤቱን የሚያውቅ ባለሙያ ግን እዚያ ላይ አያቆምም። ከብት የሚጠብቀው የሰባት ዓመት ልጇ ባዶ እግሩን መሆኑን፣ ውኃው የሚቀዳበት ርቀት በየቀኑ እግር ለመታጠብ እንደማይፈቅድ፣ ትልቋ ልጅ ለጋብቻ እንደደረሰችና እናትየው እግሯን ደብቃ የኖረችው ለዚህ መሆኑን ያውቃል። ጫማው ከእናቲቱ በፊት ለልጁ ያስፈልጋል። ይህን ውሳኔ የሚወልደው እግሩን ማየት ሳይሆን ቤቱን ማወቅ ነው።

የቡሬ ወባም ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። አስናቀው ከበደና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ቡሬ ላይ የተነሣውን ወረርሽኝ መርምረው በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቀበሌዎች የበሽታው ስርጭት ትንሽ ከሚዘራባቸው ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የበቆሎው ብናኝ በክረምት ኩሬ ላይ ሲረግፍ ለትንኟ ዕጭ ምግብ ይሆናል። በመስከረም ትኩሳት ይዞት የመጣ ገበሬ ጓሮው ድረስ በቆሎ መዝራቱን የሚያውቅ ሰው፣ ገበሬውን ከማከም አልፎ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ይጠይቃል።

ዓለም ይህን በቁጥር መዝኖታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዴኒስ ፔሬራ ግሬይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 የዘጠኝ አገሮችን 22 ጥናቶች ሲያገናዝቡ፣ በ18ቱ ውስጥ አንድ ሐኪም ዘንድ ሳይቀያየሩ የሚታከሙ ሰዎች ሞት አንሶ ተገኝቷል። በኢትዮጵያም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም የቤተሰብ ሕክምናን በስፔሻሊቲ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል። ይሁንና ጥቂት ጥቂት እያስመረቀ የሚሄድ ትምህርት ለጃቢ ጠህናን ወይም ለወምበርማ ገጠር የቅርብ ተስፋ አይሆንም። እዚህ የቤተሰብ ሐኪም የሚሆነው፣ ይሁን ከተባለ፣ አሁን በጤና ጣቢያው ያለው ጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው።

ሥጋና ነፍስ የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ አለ፤ ጠበል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪም ሊከበር እንደሚገባና መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል የማይጋጩ የፈጣሪ ስጦታዎች መሆናቸውን በይፋ ተናግረዋል። በትምህርት ደረጃ ጥያቄው ተመልሷል። በተግባር ግን ጠበል ሊጠመቅ ሲል ኪኒኑን ትቶ የሚሄድ ሰው አሁንም አለ፤ ለማያውቀው ተረኛም አይናገርም፤ እንዳይቆጣው ይፈራል። ለሚያውቀው ሰው ይናገራል። ያ ባለሙያ የነፍስ አባቱንም የሚያውቅ ከሆነ፣ ካህኑ «መድኃኒትህን ይዘህ ተጠመቅ» ቢሉት ከብዙ የጤና ትምህርት በላይ ይሰማል። ሁለቱ ሰዎች አንድን ቤት ከሁለት በር ገብተው የሚያውቁ ናቸው፤ አለመተዋወቃቸው ለቤቱ ጉዳት ነው።

ባለሙያው እንዳይሰነብት የሚያደርገው ነገር ብዙ ነው። ጀማሪ ባለሙያ የተመደበበትን ገጠር እንደ መሸጋገሪያ ያያል፤ ደመወዙም ቤቱም እንዲቆይ አይጋብዙትም። በዚህ ላይ የአማራ ክልል ጦርነት ተጨመረ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታሉ ኃላፊ ለዓለም አቀፍ የዜና አውታሮች ተናግረው ነበር። መንገድ ሲዘጋ ሪፈር ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ምጥ የያዛት ሴት ያላት ሐኪም በእግር ርቀት ላይ ያለው ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ በቦታቸው የቆዩ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያደረጉት ከየትኛውም የሥራ ውጤት መመዘኛ በላይ ነው።

መታወቅ ግን የራሱ ፍርሃት አለው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ባሏ ሳያውቅ የወሊድ መከላከያ መርፌ ልትወጋ የምትፈልግ ሴት፣ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ የባሏ ዘመድ ብትሆንስ? የራሷን ጤና ኬላ አልፋ፣ ማንም የማያውቃት ቡሬ ከተማ ድረስ ትሄዳለች። ለእሷ እንግዳ ሐኪም ነፃነት ነው። በንስሐ ሥርዓት ይህን ፍርሃት የሚመልሰው ምስጢር ነው፤ ካህኑ የሰማውን ያወጣ እንደሆነ ክህነቱን ይነካል። በሕክምና በኩልም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢር ያወጣን ይቀጣል፤ በአንድ ክፍል ሦስት ሕመምተኛ ጎን ለጎን በሚጠየቅበት፣ በሩ ክፍት ሆኖ ወረፋው በሚሰማበት ጤና ጣቢያ ግን ሕጉ የት አለ?

ስለዚህ አንድ ጤና ጣቢያ ባለሙያዎቹን በየጎጡ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የባለሙያ ስም ቢሰጥ (ለዚህም አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም) የሚዘጋ በርና ሁለት ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ክፍል አብሮ መኖር አለበት። የነፍስ አባትን መቀየር በገጠር ከባድ ነገር ነው፤ ማስፈቀድ አለ፣ መቀያየም አለ። የሥጋ ሐኪምን መቀየር ግን ቀላል ሊሆን ይገባል፤ ያቺ ሴት ካርድ ክፍሉ ጋ ቀርባ ሌላ ስም ስትጠይቅ፣ መዝጋቢው ምክንያቷን ሳይጠይቅ ይጻፍላት።