ጥዱ ይቁም ስንል

ባለፈው ክረምት አጎቴ ከመንዝ ደውለው «ጥዱን ልቆርጠው ነው» አሉኝ። አያቴ ጓሮ ያለው የሐበሻ ጥድ ነው፤ ልጆች ሆነን ድብብቆሽ የተጫወትንበት።

«ኧረ ጋሼ! እንዴት ተደርጎ?»

«አንተ እዛ ሆነህ ይናፍቅሃል፤ እኔ እዚህ ለልጄ ቤት ምሰሶ ቸግሮኛል።»

መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነዋ! ጥድን ምስጥ አይደፍረውም፤ መሬት ውስጥ ተቀብሮም ቶሎ አይበሰብስም። ለአጥርም፣ ለምሰሶም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሥራም የሚፈለገው ለዚህ ነው። ግን ሲያድግ ቀርፋፋ ነው፤ እሱ ለምሰሶ እስኪደርስ ተካዩ ያረጃል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከእንጨት እጦት ያወጣት ቶሎ ስለሚደርስ ነው። ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ጥድ ከተቆረጠ አለቀ። ደግሞ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው፤ ሴቷ በአቅራቢያዋ ወንድ ከሌለ የሚበቅል ዘር አይኖራትም።

እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች «ቴክኒካል ዴት» የምንለው ነገር አለ። ዛሬ ለመፍጠን ብለህ የዘለልከውን ሥራ ነገ ሌላ ሰው ከነወለዱ ይከፍለዋል። ዛፍ መቁረጥንም ሁሌ እንደዛ ነበር የማየው፦ ካልተወለዱት መበደር። የጋሼ ስልክ ግን ሒሳቡን ገለበጠብኝ። ላልተወለዱት ተብሎ ዛሬ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። የእኔ ድርሻ ናፍቆት ብቻ ነው። (የምሠራበት ጠረጴዛ ራሱ እንጨት ነው፤ ከየትኛው ደን እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም።)

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ እዛው ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው መናገሻ ላይ አስተከሉ ይባላል። ይህን ስንሰማ የምናደንቀው ንጉሡን ነው። ጉድጓዱን ግን ንጉሡ አልቆፈሩትም።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለ ጥድ የሚቆመው «የታቦቱ ነው» ብሎ ሰው ሁሉ ስላመነ ነው። ያለመቁረጡ ጉዳት ለመንደሩ ይከፋፈላል፤ ማንንም ለብቻው አይጎዳም። የጋሼ ጥድ ያለው ግን አንድ ሰው ጓሮ ውስጥ ነው። እኔ «ለትውልድ» ስል ሸክሙ ያረፈው አንድ ትከሻ ላይ ነው፣ ያውም ከእኔ ደመወዝ በታች በሚኖር ሰው ትከሻ ላይ።

ወር ቆይቼ ደወልኩ። «ጋሼ፣ የባሕር ዛፉን ምሰሶ እኔ ልግዛ። ለምስጡ የተቃጠለ ዘይት እንቀባዋለን።»

ሳቁ። «ለዚህኛው ቤት እሺ። የታናሽየውስ?»

«እሱ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ሰባት።»